የማን ቴሌቪዥን ነው?

ከሁለት ወር በፊት ላፕቶፔ ላይ ዊኒንግ ኢለቨንን ከፈትኩ፤ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን፣ የጃፓኑን ቅጂ። ኢሙሌተሩ እንከን አይወጣለትም። ድምፁ ያው ነው። አንድም ቃል ሳይገባን ለዓመታት አብረነው የጮህነው የጃፓን ኮሜንታተር ሳይቀር አለ። ምስሉን ሳይ ግን ደነገጥኩ። የተጫዋቾቹ ፊት በብሎኬት የተሠራ ይመስላል፣ ሜዳው ላይ ነጠብጣብ ፈስሶበታል፣ ደጋፊው የተቀዳደደ ጋዜጣ ነው። "በቃ ይሄን ነበር ተራ ጠብቀን የምንጫወተው?" አልኩ።

ጓደኞቼን ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ዓይነት ነበር፦ "ልጅ ስትሆን ሁሉም ነገር ያምራል።" እኔም ለጥቂት ቀን አምኜው ነበር። አሁን አላምነውም። ያኔ ያየነው በእርግጥ ሌላ ምስል ነው፤ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎችም ሲሠሩ ያዩት ያንን ሌላ ምስል ነው።

ያ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጠው፣ ጀርባው ከፊቱ የሚበልጠው ቲቪ ፒክስል የሚባል ነገር አያውቅም። ከኋላው የሚተኮስ የኤሌክትሮን ጨረር የመስታወቱን ውስጠኛ ገጽ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ይጠርገዋል። ጨረሩ ያረፈበት ፎስፈር ያበራል፣ ወዲያው ይደበዝዛል። የጨረሩ ዳር ለስላሳ ስለሆነ አንዱ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ይፈሳል። በዚያ ላይ ቢጫዋ ገመድ አለች። ብርሃኑንም ቀለሙንም በአንድ ሽቦ ጠቅልላ ስለምታመጣ፣ ጎን ለጎን የነበሩ ቀለሞች ቲቪው ጋ ሲደርሱ ተደባልቀዋል።

ሠሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር፣ ተጠቅመውበታልም። ፕሌይስቴሽን ምስሉን የሚያስቀምጠው በ15 ቢት፣ ማለትም በ32,768 ቀለም ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን ለስላሳ ሽግግር፣ ሁለት ቀለሞችን ነጥብ በነጥብ እያፈራረቀ ያስመስለዋል፤ ዲተሪንግ ይባላል። ሜዳው ላይ ያየሁት ነጠብጣብ እሱ ነው። በቢጫዋ ገመድ መጥቶ ባለ 14 ኢንች ቲቪ ላይ ሲያርፍ ቀልጦ ጥላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሴጋው ሶኒክ ውስጥ ያሉት ፏፏቴዎች ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፤ በድሮው ቲቪ ግን ከጀርባው ያለውን የሚያሳይ ውኃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ካስልቬንያ፦ ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ናይት ውስጥ የድራኩላን ዓይን ቀይ ያደረገችው አንዲት ፒክስል ናት። ፍላት ስክሪን ላይ ፊቱ ላይ የተለጠፈች ካሬ ትመስላለች። በድሮው ቲቪ ዓይኑ ይበራል።

ስለዚህ "ፒክስሉን እንዳለ አሳየኝ፣ ንጹሑ እሱ ነው" የሚለው ክርክር አያስኬድም። ጥሬ ቡና ቆርጥሞ "ቡና እንዲህ ነው" እንደማለት ነው።

ሼደር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሼደር ግራፊክስ ካርዱ ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚያሄደው ትንሽ ፕሮግራም ነው። የጨዋታውን ምስል ይቀበልና "ይህ በድሮ ቲቪ ቢያልፍ ምን ይመስላል?" የሚለውን አስልቶ ይመልሳል። ሬትሮአርክ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለ። ሲአርቲ-ጂኦም መስታወቱን ያጎብጠዋል። የቲሞቲ ሎተስ ሲአርቲ-ሎተስ ቀላልና ፈጣን ስለሆነ የእኔን ዓይነት አሮጌ ላፕቶፕ አያስጨንቅም። ሲአርቲ-ሮያል ደግሞ የጨረሩን ውፍረት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ባለቀዳዳ ብረት፣ ብርሃን መስታወቱ ውስጥ ተበትኖ የሚፈጥረውን ጭጋግ ሁሉ ያሰላል። ውጤቱ ያስገርማል፤ የላፕቶፔ ፋን ግን ሊበር ይደርሳል።

የስክሪኑም ነገር አለ። የእነዚህ ጨዋታዎች ምስል ቁመት ብዙውን ጊዜ 240 መስመር ነው። 1080ን ለ240 ስታካፍሉ 4.5 ይመጣል። ግማሽ ረድፍ ስለሌለ አንዱ መስመር ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል። በፎርኬ ስክሪን ግን 2160 ለ240 ልክ 9 ነው። ዘጠኝ ረድፍ ካላችሁ የጨረሩን መሐል አድምቃችሁ ዳሩን ቀስ በቀስ ማደብዘዝ ትችላላችሁ። ሰነፎቹ ፊልተሮች ይህን ሁሉ ትተው በየሁለት ረድፉ ጥቁር መስመር ያሰምራሉ፣ የምስሉን ብርሃን በግማሽ ይቀንሱና "ሬትሮ" ይሉታል። ያ ማስጌጫ ነው። የድሮ ቲቪ ጨለማ አልነበረም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ሰማያዊ ያደርግ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ከሼደር ወዳጆች ጋር እስማማለሁ። ቅሬታዬ የሚጀምረው "የድሮ ቲቪ" ሲሉ የትኛውን እንደሆነ ስታዩ ነው። እንደ ምርጥ የሚቀርበው የሶኒ ትሪኒትሮን ነው፤ ከዚያም ከፍ ሲል በቴሌቪዥን ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀመጠው የባለሙያ ሞኒተር። አምራቹ ራሱም ቢሆን የማን ትዝታ እንደሚመልስ ሁልጊዜ አያስብበትም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ባወጣው ፕሌይስቴሽን ክላሲክ ውስጥ ከ20ዎቹ ጨዋታዎች ዘጠኙ በሰከንድ 50 የሚሄዱት የፓል ቅጂዎች ነበሩ። በ60 የለመደው አሜሪካዊ የልጅነቱ ጨዋታ አዝግሞ ጠበቀው። የተናደዱት እውነት አላቸው። ግን እነሱ ቢያንስ የሚያወዳድሩት፣ በጽሑፍ የተመዘገበ ትዝታ አላቸው። የእኛን ማን መዘገበው?

ጌም ቤታችን ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ ስትሄዱ ገባ ብላ የምትገኝ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ሁለት ቲቪ ነበራት፦ ባለ 21 ኢንቹ ለታላላቆቹ፣ ባለ 14 ኢንቹ ለእኛ። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ስፒከሩ ከእኛ ቲቪ ጎን ተለጥፎ ስለተቀመጠ ማግኔቱ የቀኙን ጥግ አረንጓዴ አድርጎታል። መብራት ሲደክም ምስሉ ከዳርና ዳር ይሰበሰባል። በየመድረኩ የሚወደሱትን እነዚያን ጥቁር መስመሮች በዚያች ቲቪ ላይ አይቻቸው አላውቅም፤ ጨረሯ ወፍራም፣ ስክሪኗ ትንሽ ነበረች።

ከሁሉም የማይረሳኝ ጥቁርና ነጩ ነው። አገራችን ውስጥ የነበሩት ቲቪዎች የሚጠብቁት ፓልን ነው። የጃፓኑ ዲስክ ግን ኤንቲኤስሲ ነው፤ ቀለሙን 3.58 ሜጋኸርዝ ላይ ጭኖ ይልካል። ቲቪው ቀለም የሚፈልገው 4.43 ላይ ነው። እዚያ ሄዶ ሲያጣው "ቀለም የለም" ብሎ ይዘጋና ብርሃኑን ብቻ ያሳያል። ይህን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ያኔ የምናውቀው ቀይ ማሊያና ሰማያዊ ማሊያ አንድ ግራጫ መሆናቸውን ነው። ኳሱን ለወገን ማቀበላችንን የምናውቀው ሰውየው ከሚሮጥበት አቅጣጫ ነበር። ከዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት ይመጣሉ። ሪሞቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከፊት ያሉትን ቁልፎች በእስክሪብቶ ጫፍ እየወጉ "ሲስተም" የሚለውን ይፈልጋሉ። ቀለሙ ሲመጣ ጎል የገባ ያህል ቤቱ በጩኸት ይሞላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቲቪው ስለሚረሳው፣ ይህ በቀን ሁለት ሦስቴ ይደገም ነበር።

እናም የራሴን ሼደር ጻፍኩ። ከሲአርቲ-ሎተስ ተነስቼ ጨረሩን አወፈርኩት፣ የቀኙን ጥግ አረንጓዴ ቀባሁት። ጥቁርና ነጩ በጣም ቀላሉ ነበር፦ ቀዩን በ0.299፣ አረንጓዴውን በ0.587፣ ሰማያዊውን በ0.114 አባዝቶ መደመር፤ ከሁለት መስመር ኮድ አይበልጥም። ስጨርስ ራሴን ታዘብኩት። ሰው የተበላሸን ነገር እንደተበላሸ ለመመለስ እንዴት ሦስት ቅዳሜ ያጠፋል?

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ጌም ቤቷ ከዚያ በፊት ተዘግታ ስልክ መሸጫ ሆና ነበር፤ አሁን ቦታዋን የማገኘው በግምት ነው። ሰፈሩ ሲሄድ ሰው የያዘውን ይይዛል፤ እኔ የያዝኩት አረንጓዴ ጥግ ነው። ደግሞ የሰፈሩ ስም ራሱ በጫጫታ ውስጥ ያለፈ ሲግናል ነው። በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በምሕጻሩ ኢንቺስ ይባል ነበር። በጣሊያንኛ የኢንቺስ ቤቶች የተባለው አፍ ለአፍ ሲያልፍ ካዛንቺስ ሆነ። ማንም "የመጀመሪያውን ጥራት እንመልስለት" አይልም። ሲያልፍ የሆነው ነገር ነው ስማችን።

ሼደሬን ለመሞከር አብሮ አደጌን ጠራሁት። ቤተሰቦቹ ከሰፈሩ ተነስተው አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ሁለት ታክሲ ይዞ መጣ። ስለ ሼደር ምንም አልነገርኩትም። ጨዋታውን ከፍቼ ጆይስቲኩን ሰጠሁት። ምስሉ ግራጫ ሆኖ መጣ። "ያምራል" ወይም "አስታወሰኝ" እንዲለኝ እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "ሲስተሙን ንካዋ፣ ምን ትጠብቃለህ!" አለኝ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ፊልተርን የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ሠሪው የተማመነበትን ነገር ይመልሳል ወይ? ውኃው ውኃ፣ ጥላው ጥላ ይሆናል ወይ? በዚህ ሲአርቲ-ሮያልን የሚያህል አላየሁም። ሁለተኛ፣ የማን ዓይን እንደሆነ ያውቃል ወይ? እዚህ ላይ የእኔ ግራጫ ሼደር ራሱ ግማሹን ብቻ አለፈ። ግራጫውን ማንም ወዶት አያውቅም። የምንወደው ግራጫው የሚያልቅባትን ቅጽበት ነበር፤ እኔ ደግሞ እሷን ኮድ ውስጥ ረስቼያት ነበር። አንድ ቁልፍ ጨመርኩ። አሁን ጨዋታው በግራጫ ይከፈታል፣ ኤስን ስትጫኑ ቀለሙ ይመጣል። ከኤስ በፊት ሌሎች ሦስት ቁልፎችን በከንቱ መንካት እንድትገደዱ ላደርግ አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

የቀረ ነገር አለ። ፍላት ስክሪን አንዱን ፍሬም ለ16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ይዞ ይቆያል። የድሮው ቲቪ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ኳሱ ሲሮጥ ፍላት ላይ ይንሸዋረራል። ሎተስ ከብለር በስተርሱ ማርክ ሬጆን ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የጨረሩን ጉዞ ራሱን የሚያስመስል ሼደር አውጥተዋል፤ ነገር ግን በሰከንድ 240 ጊዜ የሚታደስ ዓይነት ስክሪን ላይ ነው በደንብ የሚያምርበት። የእኔ 60 ነው።

አብሮ አደጌ 3 ለ 1 ተሸነፈ። "ቁልፉ ይዘገያል" አለ። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ለሁለታችንም ነው የዘገየው። ማኪያቶውን እሱ ከፈለ።