ከሃይማኖት ትምህርት ጎን

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ትምህርት ቤቶች በ2017 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የሥነ ምግባር ትምህርት ሐሳቡ የመነጨው ከአቡዳቢ አልጋ ወራሽ ጽሕፈት ቤት ነው። የማደንቀው እስላማዊውን ትምህርት ሳይተካ ከጎኑ መቆሙን ነው፤ ያኛው ለሙስሊም ተማሪዎች ግዴታ ሲሆን፣ በዚህኛው እምነታቸው የተለያየ ልጆች አብረው ስለ ጠባይ፣ ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ ዜግነትና ስለ ባህል ይማራሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት ልጅን «ለምን?» ማለት ሲያስለምደው እምነቱ ይላላል የሚሉ አሉ። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ያሳዩን ግን ሌላ ነው፤ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ መድገም አይበቃውም፣ የራሱን ቆጥሮ ይነግራል፣ ሰምና ወርቁ ተመርምሮ ይታረማል፣ ይህም ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር። መንግሥት ያዘጋጀው መማሪያ የጥያቄውን ድንበር ያጠብባል የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብደኛል። ቢሆንም ለሐሳቡ ምክንያት መስጠት የለመደ ልጅ፣ መምህሩ ጊዜ ሰጥቶ እስካደመጠው ድረስ፣ ልማዱን ወደ ሌላው ክፍለ ጊዜም ይዞት ይገባል።