ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ
(ስለ አላባማ ሼክስ ሁለተኛ አልበም የቀረበ አስተያየት)

በመጀመሪያ ሥራው የተመሰገነ ደራሲ ወይም ዘፋኝ ሁለተኛውን ይዞ ብቅ በሚልበት ጊዜ ከፊተኛው የከበደ ፈተና ይጠብቀዋል። የመጀመሪያውን ሲያቀርብ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ የሚጠይቀውም አልነበረም። አሁን ግን ያወቀውና የወደደው ሕዝብ ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል። የወደደውን ያንኑ መልሶ ቢሰጠው «ይህስ የትናንቱ ነው» ብሎ ይሰለቸዋል፤ አዲስ ነገር ቢያመጣለት ደግሞ «ተለወጠብን» ብሎ ይቀየመዋል። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን መምረጥ እንደሚገባ ለመመርመር፣ አላባማ ሼክስ የተባለው የአሜሪካ የብሉዝና የሮክ ሙዚቃ ጓድ በ2015 ዓመተ ምሕረት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው «ሳውንድ ኤንድ ከለር»፣ ማለት «ድምፅና ቀለም» የተባለው ሁለተኛ አልበም መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

ጓዱ የተመሠረተው በሰሜን አላባማ፣ አቴንስ በምትባል ትንሽ ከተማ በ2009 ነው። አገሩ ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። «የብሉዝ አባት» እየተባለ የሚጠራው ደብልዩ ሲ ሃንዲ በ1873 የተወለደው በዚያው አካባቢ በፍሎሬንስ ከተማ ነው፤ አሪታ ፍራንክሊንም በ1967 ስሟን ካስጠሩት ዘፈኖች አንዱን የቀዳችው እዚያው አጠገብ በመስል ሾልስ ነው። ዘፋኟና ጊታር መቺዋ ብሪታኒ ሃዋርድ ዝና ሳያገኛት በፊት በፖስታ ቤት ትሠራ ነበር። ጊታር መቺው ሂዝ ፎግ፣ ባስ መቺው ዛክ ኮክሬልና ከበሮ መቺው ስቲቭ ጆንሰንም ከሥራ ሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ ይለማመዱ የነበሩ የዚያው አገር ልጆች ናቸው።

በ2012 «ቦይስ ኤንድ ገርልስ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ «ሆልድ ኦን» የተባለው ዘፈን በአንድ ጊዜ አገር ለአገር አዳረሳቸው። ዘፈኑ ሕይወት የከበደባት ወጣት ራሷን በራሷ የምታጽናናበት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይደጋግማል፣ ከበሮው ሳይቸኩል ይከተላል፣ ድምፁ ግን ከታች ተነሥቶ እስከ ጩኸት ይደርሳል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንደ ተባለው፣ አድማጩን የማረከው የዜማው ረቂቅነት ሳይሆን የዘፋኟ እውነተኛነት ነበረ። በዚህም ለግራሚ ሽልማት በሦስት ዘርፍ ታጩ።

ከዚህ በኋላ «ሆልድ ኦን»ን የሚመስሉ ዐሥር ዘፈኖች አዘጋጅቶ ማቅረብ ቀላሉ መንገድ ነበር። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ይባላልና ብዙዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። እነርሱ ግን ሦስት ዓመት ቆይተው፣ ብሌክ ሚልስ ከተባለው ጊታር መቺና አዘጋጅ ጋር ናሽቪል ላይ ሠርተው፣ ዐሥራ ሁለት ዘፈኖች ያሉበትን ሌላ ዓይነት ሥራ አመጡ።

ልዩነቱ ገና ከመግቢያው ይታወቃል። የአልበሙን ስም የያዘው የመጀመሪያው ዘፈን የሚከፈተው ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው በጊታር ሳይሆን በቪብራፎን ለስላሳ ድምፅ ነው። «ዶንት ዋና ፋይት» በተባለው ሁለተኛው ዘፈን ሃዋርድ ቃል ከመናገሯ በፊት ከጉሮሮዋ የተጨመቀ ቀጭን ጩኸት ታሰማለች፤ ጠብ የሰለቸው ሰው ስሜት ግጥሙ ሳይጀመር በዚያ በአንዱ ድምፅ ተነግሯል። «ጊሚ ኦል ዩር ላቭ» ግን የአልበሙ ራስ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ዘፈኑ በዝግታ ይሄዳል፤ ዝም እስከ ማለት ይደርስና ድንገት ይፈነዳል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ አረማመዱን ለውጦ ወደ ሌላ ምት ይሻገራል። የብሉዝ ለቅሶ በዚህ ውስጥ አልጠፋም፤ በመካከሉ ዝምታ ስለ ገባበት እንዲያውም በረታ። «ሆልድ ኦን» ላይ ዘፋኟ ያላትን ኃይል ሁሉ ታወጣለች፤ እዚህ ግን ኃይሏን መቼ ማውጣት፣ መቼም መቈጠብ እንደሚገባት አውቃለች።

ነቀፌታ የለበትም ማለት ግን አይደለም። «ፊውቸር ፒፕል»ን በመሳሰሉት ዘፈኖች ድምፁ እጅግ ስለሚቀጥን ግጥሙን ለይቶ መስማት ያስቸግራል፤ ቃሉ ያልተሰማ ዘፈን ደግሞ ግማሽ ትርጉሙን ያጣል። «ጄሚኒ» ከስድስት ደቂቃ በላይ ሲዘልቅ ሐሳቡ ካለቀ በኋላም የሚንገላወድ ይመስላል። «ዘ ግሬተስት» የተባለው ፈጣን ዘፈን በበኩሉ ከሌላ ሸክላ ተቈርጦ የመጣ ያህል ከጎረቤቶቹ ጋር አይስማማም። የመጀመሪያውን አልበም የወደዱ ሰዎች «ያ ግልጽነት ወዴት ሄደ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ከንቱ አይደለም።

ቢሆንም ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው። በቅኔ ቤታችን ትናንት የተዘረፈውን ቅኔ ዛሬ መልሶ የሚያቀርብ ሰው አይመሰገንም፤ ዜማው የታወቀ፣ ቤቱ የታወቀ ሲሆን ምስጢሩ ግን አዲስ መሆን አለበት። አላባማ ሼክስም የአባቶቻቸውን ቤት ሳያፈርሱ አዲስ ምስጢር ፈለጉበት። አልበሙ በወጣ ጊዜ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መግባቱ፣ በ2016ም ግራሚ ማግኘቱ፣ ሕዝብ ሁልጊዜ የለመደውን ብቻ ይሻል የሚለውን አሳብ ያስተባብላል። ድካሙን ግን ሽልማቱ ብቻ አይመሰክርለትም። በ2018 ጓዱ ሥራውን አቋርጦ ሃዋርድ በ2019 «ጄይሚ» የተባለውን የራሷን አልበም ስታወጣ፣ ያ የድፍረት መንገድ የተጠረገው በሁለተኛው አልበም እንደ ነበረ በግልጽ ታየ።

ስለዚህ ሐያሲም ሆነ መምህር ሁለተኛ ሥራን በሚመረምርበት ጊዜ መጠየቅ የሚገባው «ፊተኛውን ይመስላልን?» ብሎ አይደለም። «ፊተኛውን የወለደው እውነተኛነት እዚህም አለን?» ብሎ ነው። በዚህ መስፈርት ሲመዘን «ሳውንድ ኤንድ ከለር» ከነጉድለቱ ከፊተኛው ይበልጣል።