ሁሉም ወደ ጎረቤቱ የሚጠቁምበት ሥዕል

ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። የሕዝቡን ገንዘብ ማን እንደሰረቀ ሲጠየቁ እያንዳንዱ አጠገቡ ወዳለው ይጠቁማል፤ ጥቆማው ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ይመጣል። ቶማስ ናስት ይህን ካርቱን እ.ኤ.አ. በ1871 ለሃርፐርስ ዊክሊ መጽሔት ሣለው። ከፊት ቦርጩን ገፍቶ የቆመው ከግብረ አበሮቹ ጋር የኒውዮርክን ካዝና ያራቆተው ዊልያም ትዊድ ነው። ኦዲተር በስንት ገጽ የሚዘረዝረውን ናስት በአንድ ክብ ጨረሰው፤ ፊደል ያልቆጠረም ይገባዋል። ትዊድ በኋላ ከእስር አምልጦ ስፔን ሲገባ የለዩት በናስት ሥዕል ነው ይባላል። ለሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ!

ግን እጁን ባደነቅሁ ቁጥር ሌላው ሥዕሉ ይመጣብኛል። በዚያው ዓመት የካቶሊክ ጳጳሳትን አዞ አደረጋቸው፤ ቆባቸው የተከፈተ መንጋጋ ሆኖ፣ ከወንዝ እየተሳቡ ወደ ሕፃናት ይወጣሉ። አየርላንዳውያንንም ደጋግሞ የዝንጀሮ መልክ ሰጥቷቸዋል። (ራሱ በልጅነቱ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ነበር፤ ይገርማል።) ጳጳሳቱ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ገንዘብ መጠየቃቸውን መተቸት መብቱ ነው፤ እንዳይሥል የሚከለክል ሕግም አልመኝም። ሆኖም ትዊድ የተሣለው በሥራው ነው፤ አየርላንዳዊው በትውልዱ። መስመሩ ያው የናስት መስመር ነው፣ ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ያኔ ወደ ክቡ እመለሳለሁ። ትዊድ ቦርጭ ላይ ትንሽ ቆይቼ የሚጠቁሙትን ጣቶች አንድ በአንድ እከተላለሁ።