ስለ ቤት ጌጥና ስለ እውነተኛ ቁጠባ

ቤት ለሰው ሁለተኛ ልብሱ ነው። ልብስ የለባሹን ጠባይ በጥቂቱ እንደሚናገር ሁሉ፣ የቤት ዕቃም የባለቤቱን አሳብ ሳይጠየቅ ይናገራል። ስለዚህ እናንተ ዛሬ የምትማሩ ነገም ጎጆ የምትወጡ ወጣቶች፣ ስለ ቤት ዕቃ ጥቂት ነገር ብነግራችሁ ከቁም ነገር የራቀ አይመስለኝም።

በዘመናችን የተነሣ አንድ መልካም አሳብ አለ። ይኸውም ቤታችንን ስናስጌጥ ምድርን አንጉዳ፤ የተጣለውን አንሥተን እንጠቀምበት፤ የምንቆርጠውም መልሶ የሚበቅል ይሁን የሚል ነው። አሳቡ መልካም ከመሆኑ የተነሣ የሚቃወመው ሰው አይገኝም። ተቃዋሚ የሌለው አሳብ ግን አንድ አደጋ አለበት፤ ማንም ሳይመረምረው በስሙ ብዙ ነገር ይሸጥበታል። እኔም በስሙ ከተታለሉት አንዱ ስለ ሆንሁ፣ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ ሳይሆን ራሴንም ለመውቀስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሌ ደጋ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ የእንግዳ ማረፊያ ገብቼ ነበረ። የእንግዳ መቀበያው ክፍል በእውነት ዓይን ይስባል። ጠረጴዛው ከአንድ ግዙፍ የዋንዛ ግንድ የወጣ ወጥ ጣውላ ነው፤ ቅርፊቱ እንኳ ከጠርዙ አልተላጠም። መቀመጫዎቹ የግንድ ጉማጅ ናቸው። መብራቱ በስፌት ቅርጫት ውስጥ ተሰቅሏል። በግድግዳው ላይም «ተፈጥሮን እንጠብቅ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እኔም ተደንቄ፣ «ፕላስቲክ የለ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ የለ፤ ቤት ማለት እንዲህ ነው» አልሁ። ወደ ቤቴ እንደ ተመለስሁም የዚያን ጠረጴዛ ታናሽ ወንድም የሚመስል ጠረጴዛ በብዙ ገንዘብ አሠራሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጄን በላዩ እያስኬድሁ ስለ ተፈጥሮ ፍቅር ንግግር አደርግ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንገቱ ወረድሁ። አንገቱ በባሌ ዞን የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎባ ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል። በዚያ ብርድ እንጂ ዛፍ የለም፤ ጅብራ እዚህም እዚያም እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል፤ የቱሉ ዲምቱ ራስም እስከ 4,377 ሜትር ከፍ ይላል። ከዚያ በሪራ በኩል ቁልቁል ሲወረድ ግን ምድር ባንድ ጊዜ መልኳን ትለውጣለች። አስታው፣ ኮሶው፣ ቀርቀሃው፣ ዝግባው ተራ በተራ ይመጣሉ። ይህ የሐረና ደን ነው። በውስጡ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል፤ የንብ ቀፎም በረጃጅም ዛፎች ላይ ተሰቅሎ ይታያል። የደኑን ከፊል የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንደ ወይብና እንደ ወልመል ያሉት ወንዞች ከእነዚህ ተራሮች ተነሥተው ቆላውን ያጠጣሉ። እንግዲህ በዚህ ደን የሚወድቅ ዛፍ ወድቆ የሚቀረው በአንገቱ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚጠብቀውንም የሩቅ ሰው ይነካል።

በአንገቱ ያሳደሩኝ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ቤታቸው በጭቃ የተመረገ ነው፤ መኝታውን ከሳሎኑ የለየው የቀርቀሃ ግርዶሽ ነው፤ ፍራሹ ገለባ የተሞላ የቡና ጆንያ ነው፤ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ደግሞ በደጅ ጤና አዳም ተተክሎበታል። እኔን ያስቀመጡኝ በአንዲት በርጩማ ላይ ነበረ። አንደኛው እግሯ እንጨቱ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ስንጥቋ በቆርቆሮ ተይዟል፤ መቀመጫዋ ግን ከአገልግሎት ብዛት የተነሣ እንደ ተወለወለ ያበራል።

«ይህችን ማን ሠራት፣ እማማ?» አልኋቸው።

«አማቴ ናቸው። እግሯ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፤ መጀመሪያ ባለቤቴ፣ ኋላም ልጄ ጠገናት።»

«ታዲያ አዲስ አይገዙም?»

ሳቁና፣ «ምን አጥፍታ?» አሉኝ።

በማታው የልጃቸው ልጅ መጣ፤ አናጢ ነው። እኔም የእንጨት ነገር ከተነሣ ብዬ ስለ ጠረጴዛዬ መመካት ጀመርሁ። ልጁ በትሕትና አዳመጠኝና፣ «ጋሼ፣ ውፍረቱ ስንት ጣት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ስድስት ጣት ይሆናል» አልሁት፤ ውፍረቱ ክብሩ መስሎኝ።

«እንግዲያው እኔ ከዚያ እንጨት ሦስት ጠረጴዛ አወጣ ነበር። ከተረፈውም በርጩማ አይጠፋም። ዋንዛው ግን ከማን ጓሮ ተቆረጠ?»

ይህን ጥያቄ ለሻጩ ጠይቄው አላውቅም ነበረ። እንጨት ከሆነ ተፈጥሮ ነው፤ ተፈጥሮ ከሆነም ደግ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር የገዛሁት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በስም ከጠራቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበረ፤ የቀሩት ኮሶ፣ ጥድና ዝግባ ናቸው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ተተክቷል፤ ያን የሚያህል ግንድ ለማብቀል የሚያስፈልገው ዘመን ግን በአዋጅ አያጥርም። ዋንዛን ገበሬ በእርሻው ዳርና በቡናው መካከል ጥላ አድርጎ ይተክለዋል፤ ያን ቆርጦ ሌላ ቢተካ ማን ይወቅሰዋል? ወቀሳው እንደኔ ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ በሚመካው ላይ ነው።

እንግዲህ የማረፊያ ቤቱን ክፍል እንደ ገና ልመርምረው። ነቀፌታዬ ውበት የለውም የሚል አይደለም፤ ውበት አለው። ነቀፌታዬ ውበቱ ከጽሑፉ ጋር ይጣላል የሚል ነው። ግድግዳው «እንጠብቅ» ይላል፤ ጠረጴዛው ለአንዱ ቤት ሦስት ቤት የሚያስጌጠውን እንጨት ወስዷል። የግንድ ጉማጁ መቀመጫም ሰው አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሥቶበት የሚተወው እንጂ፣ ተሸክሞ ከቦታ ቦታ የሚያዛውረው ዕቃ አይደለም። የተፈጥሮን መልክ መያዝና ተፈጥሮን መቆጠብ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

በአንጻሩ የእንጨት ቁጠባ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ የውጭ ምሳሌ ልጥቀስ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 ሚካኤል ቶኔት የተባለ በጀርመን የተወለደ አናጢ፣ እንጨትን በእንፋሎት እያጎበጠ ቁጥር 14 የተባለችውን ወንበር አወጣ። ወንበሯ ስድስት የእንጨት ክፍሎች፣ አሥር ብሎኖችና ሁለት ዳዶዎች ብቻ ነበሯት። ተፈታትታ ስትታሸግ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን 36 ወንበር ይገባ ነበረ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቡና ቤቶችም እርሷን ይዘው ኖሩ። ቀጭንነቷ ድህነት አልሆነባትም፤ ከጥቂት እንጨት ብዙ አገልግሎት ማውጣት የአእምሮ ሀብት ነውና።

አባቶቻችንስ? ስለ አሮጌው ዘመን ስናወራ ሁሉን ነገር ንጹሕ አድርጎ የማየት ልማድ አለን። እውነቱን ለመናገር፣ መጋዝ ባልነበረበት ጊዜ ጣውላ በመጥረቢያ ይጠረብ ስለ ነበረ፣ ለአንድ መዝጊያ አንድ ዛፍ ይወድቅ ነበረ፤ የቀረው ፍልጥና ስባሪ ነበረ። አዲስ አበባም በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢዋን እንጨት ስለ ጨረሰች፣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበረ፤ ከተማዪቱን ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ «የጥንት ነው» ማለትም እንደ «ተፈጥሮ ነው» ሁሉ በራሱ ምስክር አይሆንም።

ቀርቀሃንም እንመልከት። አገራችን ሁለት ዓይነት የራሷ ቀርቀሃ አላት፤ የደጋና የቆላ። ቡቃያው በጥቂት ወራት ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ግንዱ የሚጠነክረው ግን ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። የበሰለውን መርጦ ለጋውን ትቶ ለሚቆርጥ ሰው ሥሩ ሳይሞት ሌላ ያበቅልለታል። ከዚህ የበለጠ ቸር ተክል አይገኝም። ሆኖም ገበያ አስቸኩሎት ለጋውን የሚቆርጥ፣ ሳያደርቅና ጭስ ሳያስመታ የሚሠራ አናጢ፣ ነቀዝ በዓመቱ ዱቄት የሚያደርገውን ወንበር ይሸጥላችኋል። ያን ጊዜ ገዢው «ቀርቀሃ አይረባም» ብሎ የፕላስቲክ ወንበር ይገዛል። ስለዚህ ቸኩሎ የሠራ ሰው ያበላሸው አንድ ወንበር ብቻ አይደለም፤ የቀርቀሃንም ስም ነው።

ከተጣለ ዕቃ ስለሚሠራውም እንዲሁ ነው። በሰፈራችን እየዞረ «ቆራሌው!» የሚለው ሰው፣ ማንም ስለዚህ አሳብ ሳያስተምረው ስንት ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። የሰበሰበውም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ማሰሮ መክደኛ፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተሰባበረ የኮምፒውተር ክፍል እየሰበሰበ የሠራቸው ሥራዎች በዓለም ታይተዋል። እርሱና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈቱት ዞማ ሙዚየምም ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ግድግዳ እንዴት ያለ ማዕረግ እንደሚይዝ ያሳያል። ሌላው ግን ደኅና በርሜል ገዝቶ በመጋዝ ከሁለት ከፍሎ ቀለም ይቀባና «ከተጣለ ዕቃ የተሠራ» ብሎ ይሸጣል። ያ በርሜል ገና ውሃ መያዝ ይችል ነበረ፤ የጣለው ማንም የለም። ከእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ የሚጠፈጠፈው ቺፑድም በአሳቡ ትርፍራፊን ማዳኑ ነበረ፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው የሚያብጥ፣ ብሎኑ ሲላላ ዳግመኛ የማይይዝ ከሆነ፣ ትርፍራፊውን ወደ ቆሻሻው ከማድረሱ በፊት በሳሎናችን አሳደረው እንጂ ምን አዳነው?

ይህ ነገር የጌጥና የጣዕም ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ። ያ ተራራ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። እኛ ከደጃችን ከወጣልን ሄዷል ያልነው ሁሉ በሌላ ሰው ደጅ ተከምሮ ኖሯል። ዕቃ ስንጥል ከዓይናችን ራቀ እንጂ ከምድር አልጠፋም።

ስለዚህ ወጣት ወዳጄ ሆይ፣ ዕቃ ስትገዛ ወይም ስታሠራ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። ከየት መጣ? እስከ መቼ ያገለግላል፤ ሲሰበርስ የሚጠግነው ይገኛል? በመጨረሻስ የት ይወድቃል? እኅቴም ለሠርግሽ ዕቃ ስትመርጪ እነዚህኑ ጠይቂ። ሦስቱን ጥያቄ አልፎ የሚመጣ ዕቃ ከቀርቀሃ ቢሆን፣ ከብረት ቢሆን፣ ከአሮጌ ሣንዱቅ ቢሆን ተቀበሉት። ዋጋው ውድ ቢሆን እንኳ ለልጅ ልጅ የሚደርስ ዕቃ ርካሽ ነው። ሦስቱን የማያልፍ ግን፣ አረንጓዴ ቀለም ቢቀባም፣ መልካም ቃል ቢጻፍበትም፣ ተዉት።

ከአንገቱ ስመለስ ጠረጴዛዬን ሸጬ፣ በምትኩ ቀርቀሃ ልግዛ ብዬ አስቤ ነበረ። ደግሞ ሳስበው ይህ የመጀመሪያውን ጥፋት በሁለተኛ መሸፈን ሆነብኝ፤ እኔ ከዓይኔ ባርቀው ዋንዛው ተመልሶ አይቆምም። ስለዚህ አቆየሁት። ቅርፊቱ የተነሣበትን ጠርዝ አስጠገንሁ፤ ለእንግዳም ስለ ተፈጥሮ ፍቅር መናገሬን ትቼ፣ ይህን ታሪክ እንደ ነበረ እነግራለሁ። በጓሮዬም አንድ የዋንዛ ችግኝ ተክያለሁ፤ ጣውላ ሲሆን እኔ አላየውም። ጠረጴዛው ግን እኔ ካለፍሁ በኋላም እንዲያገለግል ለልጆቼ አደራ ብያለሁ። አንድ ቀን አዲስ ነገር አምሯቸው ሊጥሉት ቢነሡ፣ የአንገቷ እናት ያሉኝን ቃል እንዲያስታውሱ እፈልጋለሁ፦ ምን አጥፍቶ?