ሚዛኑን የማይሰብር ምሕረት፦ ከበላዔ ሰብእ እስከ ሰኮሩና አሰንዳቦ

ምሕረት ከፍርድ ይበልጣል የሚለው ትምህርት በአገራችን ዐውደ ምሕረት አዘውትሮ ይሰበካል። ችግሩ ብዙ ጊዜ «እርሱት፤ ለእግዚአብሔር ስጡት» ወደሚል ምክር መውረዱ ነው። ትምህርቱ የቆመባቸው ታሪኮች ግን እንዲህ አይሉም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት ዋናው ምስክር በተአምረ ማርያም የሚነበበው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ሰው የበላው ይህ ሰው፣ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ይማራል። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት ሲተረክ ምእመኑ ልብ የሚለው ውሃውን ነው። ሠዓሊዎቻችን ግን ሚዛኑን አይተዉትም፤ በአንዱ ወገን የተበሉት ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኙ ውሃ፣ በላዩም የእመቤታችን ጥላ። ከ78ቱ አንዱ እንኳ አልተሰረዘም። ምሕረት የመጣችው ሁሉም ሚዛን ላይ ከወጡ በኋላ ነው።

ይህን ትውፊት የማይቀበሉት ወንጌላውያንም ያንኑ ሥርዓት በማቴዎስ 18 ያገኙታል። ንጉሡ ባሪያውን የማረው ሒሳብ ተሳስቦ 10,000 መክሊት ዕዳ እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ነው። ባሪያው ግን 100 ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን ሲያሳስር የተሰጠው ምሕረት ተነሣበት።

ክርክሩ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ጊቤን ተሻግሮ፣ ሰኮሩን አልፎ አሰንዳቦ ይደርሳል። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ቡና የሚጠራራበት አገር ነው። በየካቲት 2003 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ቁርኣን ተዋርዷል በሚል ክስ በተቀሰቀሰ ሁከት፣ በአሰንዳቦና በአካባቢው በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው የወንጌላውያን የሆኑ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተፈናቀሉ። እንዲህ ያለ በደል ለደረሰበት ሰው «እርሳው» ማለት ምሕረት አይደለም፤ የተቃጠለበትን ዳግመኛ ማጥፋት ነው።

በደልን መቁጠር ቂም ያተርፋል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ማን ምን እንዳደረገ ተለይቶ ሲታወቅ ጥፋቱ በአጥፊው ላይ ያርፋል፤ ሳይቆጠር የታለፈ በደል ግን ምንም ባላደረገው ጎረቤት፣ ከዚያም በሃይማኖቱ ላይ በጅምላ ይለጠፋል። ቁጥሩ የበቀል መዝገብ እንዳይሆን የሚጠብቀው ደግሞ ቆጣሪው ራሱ የ10,000 መክሊት ባለዕዳ መሆኑን ማወቁ ነው።

ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ምሕረትን ከፍርድ በላይ ካስቀመጠ በኋላ ወዲያው የሚያነሣው የታረዘውንና የተራበውን ወንድም ነው፤ በባዶ መልካም ምኞት መሸኘቱም እንደማይጠቅመው ይናገራል። ስለዚህ ይቅርታን የሚሰብክ መምህር ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፦ በደሉ እውነቱ ሳይሸፋፈን እንዲነገር ማድረግ፣ የወደመው ተመልሶ እንዲሠራ መትጋት፣ ከዚያም በዳዩን በስሙ ጠርቶ ወደ ዕርቅ መጋበዝ። በዚህ መንገድ የመጣ ምሕረት በእርግጥ ከፍርድ ይበልጣል፤ ፍርድ አጥፊውን ቀጥቶ ሲያበቃ፣ ምሕረት ጎረቤቱን ትመልስለታለችና።