የክረምት ትምህርት ሥዕሎች የማን ናቸው?

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ የአዲስ አበባ ወላጅ ሁለት ወር ሙሉ ልጁን የት እንደሚያውለው ያስባል። ዝናቡ ልጅን ከደጅ ያስገባዋል፤ ቤቱም ለጨዋታ ይጠባል፤ አባትና እናት ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው። ከዚህም የተነሣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተማችን ሥዕልን፣ የሸክላ ሥራን፣ ሙዚቃንና ቴአትርን ለሕፃናት የሚያስተምሩ የክረምት ትምህርቶች በርክተዋል። ትምህርቱ ከሐምሌ መባቻ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ይቆይና በመጨረሻው ቀን ልጆቹ የሠሩት ሁሉ በግድግዳና በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ለወላጆች ይታያል። ንግግር ይደረጋል፤ ምስክር ወረቀት ይታደላል፤ ይጨበጨባል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለ ታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ አስተያየቱን የሚጽፍ ሰው በአገራችን ጥቂትም ቢሆን አይጠፋም። ስለ እነዚህ የሕፃናት ሥራዎች ግን «ጎበዝ» ከማለት አልፎ የሚጽፍ አይገኝም። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ሕፃንን መተቸት ነውር መስሎ ይታያል። እኔም ሕፃኑ ይተች አልልም። ነገር ግን በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥራ የሕፃኑ እጅ ብቻ ሳይሆን የአስተማሪውም፣ የወላጁም፣ ትምህርቱን ያሰናዳው ክፍልም እጅ አለበት። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ለአቅመ ትችት የደረሱ ናቸው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከእንደዚህ ያሉት ትርኢቶች አንዱን ለማየት ተጋብዤ ነበር። ያየሁት ነገር በሌላውም ዘንድ የሚታይ ነውና ቦታውን መጥቀስ አያስፈልግም። በዋናው ግድግዳ ላይ 24 ሥዕሎች በአራት ረድፍ ተሰቅለዋል። በ23ቱ ላይ አንድ ጎጆ ቤት አለ፤ ከጎጆው በስተጀርባ ሁለት ተራራዎች ቆመዋል፤ በተራራዎቹ መካከል ፀሐይ ጨረሯን ዘርግታ ትወጣለች፤ ከተራራው ሥር የሚነሣ ወንዝ በጎጆው ፊት ያልፋል፤ በቀኝ በኩል አንድ ዛፍ አለ። የወንዙ ሰማያዊ ቀለም በአንዱ ደመቅ፣ በሌላው ፈዘዝ ይላል እንጂ ሌላ ልዩነት የለም። ሥዕሎቹ ንጹሓን ናቸው፤ ቀለማቸውም ከመስመር አልወጣም። በአንዳንዶቹ ላይ የተራራው መስመር ከስምንት ዓመት ልጅ እጅ የማይጠበቅ ጽናት አለው፤ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው የአስተማሪው እርሳስ ከቀለሙ ሥር ይታያል።

ይህ ሥዕል የሁላችንም የቆየ ወዳጅ ነው። ተማሪ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጦታል። ነገር ግን እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንመርምረው። ሥዕሉን የሠሩት ልጆች የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ከብዙዎቹ ቤት መስኮት የሚታየው ሌላ ፎቅ ቤት ነው። ተራራ ቢያዩ የሚያዩት እንጦጦን ነው፤ እንጦጦ ደግሞ በስተሰሜን ነውና ፀሐይ ከዚያ አትወጣም። በነሐሴማ ተራራው ራሱ በደመና ተሸፍኖ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። እንግዲህ እነዚህ 23 ልጆች ያዩትንም ሆነ ያሰቡትን አልሣሉም፤ የሣሉት የታዘዙትን ነው።

ሃያ አራተኛው ሥዕል በበሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ጎጆውም ወንዙም አሉ፤ ነገር ግን ፀሐይ የለችም፤ ተራራዎቹም የሉም። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በግራጫና በሰማያዊ ጭረት ተሞልቷል፤ ልጁ እርሳሱን ከመጫኑ የተነሣ ወረቀቱ በሁለት ቦታ ተበስቷል። እናቱ ሥራውን አይተው ደንገጥ አሉና፣ «ምነው ማሙዬ፣ ያንተ ፀሐይ የት ሄደች?» ብለው ጠየቁት። ልጁም፣ «እማዬ፣ ክረምት አይደል እንዴ?» አላቸው። እናቲቱ ሳቁ። የዕለቱን ንግግር ያደረጉት ሰው ቅር አይበላቸውና፣ በዚያ ቀን ስለ ሥዕል ከተነገረው ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ቃል አልሰማሁም።

ለሥዕሎቹ ነጥብ የተሰጠበት ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ስለ ነበረ ተመለከትሁት። ሦስት ዓምድ አለው፤ የመጀመሪያው ንጽሕና፣ ሁለተኛው የቀለም አቀባብ፣ ሦስተኛው ከምሳሌው ጋር መመሳሰል ይላል። ዝናቡን የሣለው ልጅ በሦስተኛው ዓምድ ከሁሉ ያነሰ ነጥብ አግኝቷል። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የሚገባው ነው፤ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው።

በሸክላ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ብዙ አልቆይም። በአንድ ቅርጽ የወጡ ትናንሽ ጀበናዎች ወርቃማ ቀለም ተቀብተው እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ቴአትሩም ልጆቹ አፋቸውን እስኪሞላው ድረስ የተሸከሙት የትልልቅ ሰዎች ምክር ነበረ። በመካከሉ ግን የሽማግሌውን ክፍል የሚጫወተው ልጅ ቃሉ ጠፍቶት ዝም ሲል፣ ሚስቱ የሆነችው ልጅ «አይ አንቱ፣ ዛሬም መነጽርዎን ረስተው መጡ?» ብላ ጣልቃ ገባች፤ ሲያዛጋ የነበረው አዳራሽ በሳቅ ተናወጠ። ያ ቃል በተጻፈው ቴአትር ውስጥ አልነበረም።

በዚያው ትርኢት የረባ ጊዜ የወሰደብኝ በጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠ ከካርቶን የተሠራ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ሁለት ልጆች በዕረፍት ሰዓት የሠሩት እንጂ ከትምህርቱ ውስጥ አልነበረም አሉ። ጎማዎቹ ቆርኪዎች ናቸው፤ ቀለሙ ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ሰማያዊው ሳይበቃቸው ቀርቶ የጀርባው ወገን ካርቶን እንደ ሆነ ቀርቷል። ውስጡን አጎንብሼ ብመለከት ከወረቀት የተቆረጡ ተሳፋሪዎች ተጣብቀው ተደርድረዋል፤ ብቆጥራቸው 19 ሆኑ። አንዳቸውም እግር የላቸውም። ረዳቱ ግን በበሩ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ከሽቦ የተሠራው ክንዱ የመኪናውን ርዝመት ያህላል።

ልኩን ያልጠበቀ ሥራ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ልኩ በሚገባ የተጠበቀ ነው እላለሁ። በታክሲ ውስጥ የተጨናነቀ ሰው እግሩ የት እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ እግር አላስፈለገውም። የረዳት ሥራ ደግሞ ክንድ ነው፤ በክንዱ ይጠራል፣ በክንዱ በሩን ይስባል፣ በክንዱ ሒሳብ ይሰበስባል። ልጆቹ ታክሲን የሠሩት ከውጭ እንደሚታይ አድርገው ሳይሆን በየቀኑ እንደሚሳፈሩበት አድርገው ነው። ቪክቶር ሎዌንፌልድ የተባሉት የኦስትሪያ ተወላጅ የሥዕል መምህር እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሕፃን የአካልን ክፍል የሚያገዝፈው ወይም የሚያሳንሰው ለእርሱ ባለው ትርጉም መጠን መሆኑን በሰፊው አስረድተዋል። ለዚህ ነገር ግን ኦስትሪያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ ክፉዎች በአንድ ዓይን ወደ ጎን ይሣላሉ፤ የከበረውም ሰው ከሌላው ገዝፎ ይታያል። የአገራችን ሠዓሊ ልኩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ዋጋን በመጠን ስለሚናገር ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ጀማሪ የሚማረው በመገልበጥ ነው፤ የአባቶቻችንም ትምህርት እንዲሁ ነበረ፤ ፊደሉንም ዳዊቱንም የተማርነው መምህሩ ያሉትን እያልን ነው» ይባላል። ንባብንና ዜማን በሚመለከት ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያው ከአባቶች ትምህርት ቤት ወደ ቅኔው ጉባኤ እንለፍ። የቅኔ ተማሪ ግሱን ያጠናል፤ አገባቡን ይማራል፤ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል። ከዚያም ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቤቱ ቁጥር የታወቀ ነው፤ የዜማውም ልክ የታወቀ ነው። በውስጡ የሚገባው ሐሳብ ግን የራሱ የተማሪው መሆን አለበት። ስለዚህ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ጥላ ፈልጎ፣ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ለመምህሩም ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። የሌላውን ቅኔ ያጠና ሰው ቅኔ አጥኚ ነው እንጂ ባለ ቅኔ ተብሎ አይጠራም፤ የመምህሩን ቅኔ መልሶ ለመምህሩ የሚነግር ተማሪማ ቢገኝ የጉባኤው መሳቂያ በሆነ ነበር።

እንግዲህ የቅኔው መምህር የሚሰጡት መልኩን ነው፤ የሚጠይቁት ግን ምሥጢሩን ነው። የክረምቱ ሥዕል አስተማሪ ደግሞ መልኩንም ምሥጢሩንም ሰጥቶ፣ ከልጁ የሚጠይቀው ቀለም መቀባትን ብቻ ሆነ። ይህ የአባቶች ወግ አይደለም። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ለማቅለም ተብለው የሚታተሙትን ደብተሮች ማየት ይበቃል።

በሌላው አገርም ይህ ክርክር የቆየ ነው። ፍራንዝ ቺዜክ በቪየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897 ለሕፃናት የሥዕል ክፍል ሲከፍቱ፣ ልጁ የራሱን ይሥራ ብለው መነሣታቸው በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበረ። እርግጥ ነው፣ ከእርሳቸው ክፍል የወጡት ሥዕሎችም እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ ብለው የነቀፏቸው ሰዎች አልጠፉም፤ አስተማሪ ዝም ቢልም ፊቱ ይነበባልና። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን የግብፁ ምሳሌ ነው። ራምሴስ ዊሳ ዋሴፍ የተባሉት የሕንጻ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካይሮ አቅራቢያ በምትገኘው በሐራኒያ መንደር የገበሬ ልጆችን ሰብስበው ሽመና አስተማሩ። ሕጋቸው ጥቂት ነበረ፤ ልጁ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ንድፍ አያወጣም፣ ከሌላ ሥራ አይገለብጥም፣ ትልቅ ሰውም ሥራውን አይነቅፍበትም። ልጆቹ ዛፉንና ወፉን፣ አህያውንና ገበያውን ከሐሳባቸው በቀጥታ ወደ ሽመናው እያገቡ የሠሩት ምንጣፍ መሳይ ሥራ በአውሮፓ ሙዚየሞች ለመታየት በቅቷል። ሥራቸው ከባድና ትዕግሥት የሚፈልግ ስለ ነበረ ነፃነቱ ልቅነት አልሆነባቸውም። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

እኛም ዘንድ ማንም ሳያስተምር በየክረምቱ የሚሠራ የሕፃናት ሥዕል ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ወንዶች ልጆች በጳጉሜ ተቀምጠው አበባውን፣ ፀሐዩን፣ መልአኩን በወረቀት እየሣሉ በእንቁጣጣሽ ማለዳ በየቤቱ ያዞራሉ። እርግጥ ነው፣ ታናሽ ከታላቁ መገልበጡ አይቀርም ነበር፤ ነገር ግን የመልአኩ ክንፍ በየሰፈሩ ይለያይ ነበረ፤ ጋሼ እገሌ ለየትኛው ሥዕል ጠቀም ያለ ገንዘብ እንደሚሰጡም ልጆቹ ያውቁ ነበረ። አሁን አሁን ታትሞ የሚሸጠውን ገዝቶ የሚያዞር ልጅ አለ። የክረምቱ ትምህርት ይህን ልማድ ሊያድስ ሲችል፣ በትርኢቱ ላይ አንድም የእንቁጣጣሽ ሥዕል አለማየቴ ቅር አሰኝቶኛል።

ጥፋቱን በአስተማሪዎቹ ራስ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከእነርሱ መካከል ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ከሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ አሉ፤ የችሎታ ማነስ የለባቸውም። አንድ ወጣት አስተማሪ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሠላሳ ልጅ ይዞ፣ የቀለም እርሳሱን ለሦስት ለአራት እያካፈለ ያስተምራል። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ወላጁ የከፈለበትን ሊያይ ይመጣል። ወላጅ የሚጠብቀው በሳሎኑ የሚሰቅለው ያማረ ነገር ነው፤ በጭረት የተሞላና የተበሳ ወረቀት ቢሰጠው፣ «ሁለት ወር ሙሉ ይህን ነው የተማረው?» ይላል። አስተማሪው ይህን ስለሚያውቅ እርሳሱን አንሥቶ ተራራውን ራሱ ያቀናዋል። ልጁም አጠገቡ ቆሞ ያያል፤ የእርሱ መስመር ተፋቀ፣ የትልቁ ሰው መስመር ተተካ፣ የተጨበጨበውም ለዚያ መስመር ሆነ። «እኔ ሥዕል አልችልም» የሚለው ቃል ከልጅ አፍ የሚሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ያው ልጅ በሰፈሩ ከሽቦ መኪና አጣምሞ መሪውን በረጅም ዘንግ እየዘወረ የሚነዳ፣ ከአሮጌ ካልሲ ኳስ የሚሠራ ልጅ ነው። በክፍሉ ውስጥ ግን ይህን እንደሚችል የጠየቀው የለም።

ለአዘጋጆቹ የምለው ጥቂት ነው። ለወርቃማው ቀለምና ለምስክር ወረቀቱ ማተሚያ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ሰፋፊ ወረቀትና እርሳስ ቢገዛበት ይሻላል፤ ካርቶን ከየሱቁ፣ ቆርኪም ከየቡና ቤቱ በልመና ይገኛል። በግድግዳው ላይ ከተጠናቀቀው ሥዕል ጎን የተሰረዘውና የተጀመረው ቢሰቀል፣ ከሥሩም ልጁ ስለ ሥራው የተናገረው ቃል እንዳለ ቢጻፍ ወላጁ የሚያየውን ያውቃል። ሥራዎቹ ከመሰቀላቸው በፊትም አስተማሪው ስሞቹን ሸፍኖ የየትኛው ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ቢሞክር ትምህርቱ የሠመረ መሆን አለመሆኑን ያለ ተቆጣጣሪ ሊያውቅ ይችላል። የነጥቡም ወረቀት ለሚመጣው ሐምሌ እንደገና የሚታተም ከሆነ፣ ሦስተኛው ዓምድ ተሰርዞ በምትኩ «ልጁ በራሱ የወሰነው ምንድን ነው?» የሚል ይግባበት፤ አስተማሪው ይህን ለመሙላት ሲል ከልጁ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ግድ ይሆንበታል።