የበርናትስ አንኮበርና የአያቶቻችን ጣሪያ

በቅርቡ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ አንድ የቆየ ሥዕል አሳይቼ፣ “ምን ይታያችኋል?” ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ወዲያው፣ “ድህነት!” አለ። ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ቃሉ ከነከነኝ።

ሥዕሉ የአንኮበር ነው። ሠዓሊው ዮሐን ማርቲን በርናትስ ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሻምበል ሃሪስ ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ያየውን በእርሳስና በውሃ ቀለም ያዘ። ሥዕሎቹ በ1852 በድንጋይ ኅትመት ተባዝተው በመጽሐፍ ወጡ።

እስቲ ሥዕሉን ከታች ወደ ላይ ተመልከቱት። ተዳፋቱ ላይ ጎጆዎች በዛፍ መካከል ተበትነዋል። ከኮረብታው አናት ላይ በእንጨት አጥር የተከበበው የንጉሡ ግቢ ይታያል። ማን ማንን ቁልቁል እንደሚያይ፣ ማን ሳይፈቀድለት እንደማይገባ ከፍታውና አጥሩ ይናገራሉ። በርናትስ ይህን በደንብ አይቷል። ክዳኑን ግን ልብ በሉ፤ ከላይም ከታችም ሣር ነው። በዚያ ዘመን የሣር ጣሪያ የድሃ ምልክት አልነበረም፤ የንጉሡም ነበር። “ድህነት” የሚለውን ያነበብነው እኛ ነን፤ ቆርቆሮ የለመደው ዓይናችን።

ሠዓሊውም ቢሆን አንድ ነገር አልፎታል፤ አልፈርድበትም፣ የቆመው ከሩቅ ነው። ለእሱ ሣሩ ቡናማ ቀለም ብቻ ነው። የመንዝ ሰው ግን ክዳን ሲያይ ጓሳን ያስባል። የጓሳ ሣር እንደፈለጉ አይታጨድም ነበር። በቄሮ ሥርዓት መስኩ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር፤ የሚከፈተው ሥርዓቱ ሲፈቅድ ነበር። እንግዲህ በአንድ ጎጆ አናት ላይ የብዙ ሰው ትዕግሥትና ቃል ኪዳን አለ ማለት ነው። ይህን የውሃ ቀለም ብቻውን አያሳይም፤ የአገሩ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሊነግረን ይገባል።

በዚያ ቀን ዝም ብላ የቆየች አንዲት እኅት መጨረሻ ላይ፣ “ማን ነው የከደነው?” ብላ ጠየቀች። ከሁላችንም በላይ ሥዕሉን ያየችው እሷ ናት።

ለሚቀጥለው ፕሮግራም እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ወደ አያቶቻችሁ ሂዱ። ቤቱን ከውጭ ከሳላችሁ በኋላ ግቡና ምሰሶውን፣ መደቡን፣ ምድጃውን ሳሉ። እማማን ምሰሶውን ማን እንዳቆመው ጠይቋቸውና መልሳቸውን ከሥዕሉ ጀርባ ጻፉት።